ከዋጋው ላይ የጐደለውን ማን ከፈለው?

ሰው ሁሉ ገበያ በወጣ ጊዜ አንድ የቈየ ልማድ አለው፤ ይኸውም ዋጋው ከፍ ያለበት እንደ ሆነ ምክንያቱን አጥብቆ መጠየቁ፥ ዋጋው ዝቅ ያለለት እንደ ሆነ ግን ደስ ብሎት ገዝቶ መሄዱ ነው። ነጋዴው ውድ ዋጋ ሲጠራ «ለምን?» የማይል ገዢ የለም፤ ርካሽ ዋጋ ሲጠራ «ለምን?» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኖ እናገኘዋለን። ውድ ዋጋን የሚከፍለው ገዢው ራሱ ስለ ሆነ ጕዳቱን ያውቀዋል፤ አቤት ለማለትም አፍ አለው። ከርካሽ ዋጋ ላይ የጐደለው ገንዘብ ግን አንድም ከነጭራሹ ሳይወጣ የቀረ ወጪ ነው፥ አንድም ሌላ ሰው የከፈለው ነው። ሌላ ሰው የከፈለው እንደ ሆነ፥ ያ ሰው በገበያው መካከል ስለማይታይ የሚጠይቅለት አይገኝም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ ርካሽ ዋጋ መቼ በጎ ነገር ይሆናል? መቼስ በደል ይሆናል? የሚል ነው። ጥያቄውን በባዶ ቃል እንዳናመላልሰው፥ ርካሽ የቤት ዕቃ በመሸጥ በዓለም ስሙ የታወቀውን፥ ኢኬያ የተባለውን የስዊድን ድርጅት ለምሳሌ እንወስዳለን። ይህን መምረጣችን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ፈልገን አይደለም፤ ዋጋን ዝቅ የማድረግ ብልኀት፥ በጎውም ክፉውም፥ በዚህ ድርጅት ታሪክ ውስጥ በአንድነት ተሰብስቦ ስለሚገኝ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ስሞላንድ የሚባለው የደቡብ ስዊድን አውራጃ መሬቱ ድንጋያማ፥ ደኑ የበዛ፥ ሕዝቡም በቍጠባ የታወቀ ነው። ኢንግቫር ካምፕራድ በ1926 የተወለደው በዚህ አገር ነው። ገና ልጅ ሳለ ክብሪት በጅምላ ከስቶክሆልም እያስመጣ ለጎረቤቶቹ በችርቻሮ ይሸጥ ነበር። በ1943፥ በ17 ዓመቱ፥ አንድ አነስተኛ የንግድ ቤት አቋቋመ፤ የራሱን ስም፥ የቤተ ሰቡን ስም፥ ያደገበትን እርሻና የመንደሩን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አገጣጥሞም ኢኬያ ብሎ ሰየመው። በመጀመሪያ የሚሸጠው እስክሪብቶን፥ የኪስ ቦርሳንና የሥዕል ክፈፍን የመሰለ ጥቃቅን ዕቃ ነበር፤ በ1948 የቤት ዕቃ ጨመረበት፤ በ1953 ደግሞ ኤልምሁልት በተባለች ከተማ ገዢዎች ዕቃውን በዐይናቸው አይተው የሚመርጡበት ማሳያ ቤት ከፈተ። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ የተቈጡት የስዊድን የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ከየትርኢቱ አስወጡት፤ ዕቃ ሠሪዎቹም ለእርሱ እንዳይሸጡ አስገደዷቸው። እርሱም በዚህ ምክንያት የራሱን ንድፍ ማውጣት ጀመረ፤ በ1961 ደግሞ ወደ ፖላንድ ተሻግሮ በዚያ የሚሠራ ዕቃ መግዛት ያዘ። ካምፕራድ በ2018፥ በ91 ዓመቱ ሲሞት፥ ያ የመንደር ንግድ በዓለም ላይ ከሚገኙት የቤት ዕቃ ሻጮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው በምን ብልኀት ነው ብለን ብንጠይቅ፥ ከዋጋው ላይ የተቀነሰው ገንዘብ ከሦስት ምንጮች የተገኘ ሆኖ እናየዋለን። ሦስቱንም እየለየን እንመልከታቸው፤ የግብረ ገብ ፍርዳችን በሦስቱ ላይ አንድ ሊሆን አይችልምና።

የመጀመሪያው ምንጭ ባዶ አየር ነው። አንድ ጠረጴዛ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፍራ ባዶ ነው። ይህ ባዶ ስፍራ ለማንም የማይጠቅም ሲሆን፥ በመኪና ሲጫን፥ በመርከብ ሲጓዝ፥ በመጋዘንም ሲቀመጥ እንደ ዕቃው ሁሉ ኪራይ ይከፈልበታል። ይህን ቀደም ብለው ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። ሚሐኤል ቶኔት የተባለው እንጨት በማጕበጥ የታወቀ ባለሙያ በ1859 በቪየና ያወጣው 14ኛ ቍጥር ወንበር ከስድስት የእንጨት ክፍሎች፥ ከዐሥር ብሎንና ከሁለት ዳዶ ብቻ የተሠራ ነበር። ወንበሩ ተፈታቶ በሣጥን ሲታሸግ፥ 36 ወንበር ስፋቱም፥ ርዝመቱም፥ ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ኢኬያም ይህንኑ መንገድ የያዘው በ1956 ገደማ ነው። ያን ጊዜ በድርጅቱ ይሠራ የነበረው ጊሊስ ሉንድግሬን ቅጠል የሚመስል አንድ ጠረጴዛ በመኪና ሊጭን ቢሞክር አልገባ ስላለው፥ እግሮቹን ፈትቶ እንደ ጫነው ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ሁሉ ተፈታቶ በጠፍጣፋ ካርቶን የሚታሸግ ሆነ።

ከዚህም የተነሣ የንድፍ ሥራ ራሱ ተለወጠ። በሌላው ዘንድ ዕቃው ይነደፋል፥ ይሠራል፥ ከዚያ በኋላ ወጪው ተሰልቶ ዋጋ ይቈረጥለታል። በዚህ ድርጅት ግን አስቀድሞ የሚቈረጠው ዋጋው ነው፤ ንድፍ አውጪው በዚያ ዋጋ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ እንዲፈልግ ይታዘዛል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የሚያስበው ስለ ዕቃው መልክ ብቻ ሳይሆን በመርከብና በመኪና ላይ ስለሚይዘው ስፍራም ጭምር ነው። «ባንግ» የተባለው የሻይ ኩባያ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ዕቃ ተደርድሮ በማሽን በሚነሣበት፥ ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ፥ በመጀመሪያ የሚጫነው 864 ኩባያ ነበር። ቅርጹ በተሻሻለ ጊዜ ቍጥሩ 1,280 ሆነ፤ እንደ ገና ቁመቱና መያዣው ሲስተካከል 2,024 ደረሰ። ይህ ማለት ቀድሞ 100 ፓሌት ይፈልግ የነበረው ኩባያ በ43 ፓሌት ተጓዘ ማለት ነው። «ላክ» የተባለው ትንሽ ጠረጴዛ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ሳንቃ ይመስላል እንጂ ውስጡ ክፍት ነው፤ በሁለት ስስ ሳንቃዎች መካከል እንደ ማር እንጀራ የተሠራ ወረቀት ብቻ ተደርጎበታል። ይህም አሠራር ከቤት በር ሠሪዎች የተወሰደ ነው። በ2010 «ኤክቶርፕ» የተባለው ሶፋ ክንዶቹና መደገፊያው የሚፈቱ ሆነው እንደ ገና ስለ ተነደፉ፥ ጥቅሉ በግማሽ ቀነሰ።

እንግዲህ ከዚህ ምንጭ በተገኘው ርካሽነት ላይ የሚነሣ ክስ አለን? ጥቂት ሰው፥ «የመኪናው ምልልስ ሲቀንስ የነጂው እንጀራ አይቀንስምን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን አየር ከወደብ ወደ መጋዘን ሲያመላልስ የሚውል ሰው፥ ደመወዙን ቢያገኝም ድካሙ ለማንም ፍሬ አላፈራም። ነዳጁም፥ መንገዱም፥ ጕልበቱም በከንቱ አልቋል። ያ ጕልበት ለሌላ ጭነት ሲውል ግን አገር ይጠቀምበታል። ስለዚህ ከባዶ አየር የተቀነሰ ዋጋ ከማንም ያልተነጠቀ፥ በአእምሮ ሥራ የተፈጠረ ሀብት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከሁሉም ይልቅ የሚያስመሰግነው ርካሽነት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የገዢው ጕልበት ነው። በ1965 ድርጅቱ በስቶክሆልም አጠገብ ትልቅ መደብር በከፈተ ጊዜ፥ የመጣው ሕዝብ ከሠራተኞቹ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ገዢዎቹ ራሳቸው ወደ መጋዘኑ እየገቡ የፈለጉትን እያነሡ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። በችግር የተጀመረው ነገር ኋላ ሥርዐት ሆነ። ዛሬ ገዢው ዕቃውን በማሳያው አይቶ ቍጥሩን ይመዘግባል፤ ካርቶኑን ከመጋዘኑ መደርደሪያ ያወርዳል፤ በመኪናው ይጭናል፤ ቤቱም ከገባ በኋላ ከካርቶኑ ውስጥ በሚገኘው ሥዕላዊ መመሪያና ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ እየታገዘ ዕቃውን ራሱ ይገጣጥማል። ስለዚህ የመጋዘን ሠራተኛውን፥ የአመላላሹንና የአናጢውን ሥራ ከፊል ገዢው ያለ ደመወዝ ሠራ ማለት ነው።

ይህስ በደል ነውን? ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፥ ገዢው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ጊዜውንና ጕልበቱን በገንዘብ ለውጦ መስጠቱን ተረድቶ ወዶ ይገባበታል። ገንዘብ የሌለው፥ ነገር ግን ጕልበትና ጊዜ ያለው ወጣት ባልና ሚስት፥ በዚህ መንገድ ባይሆን ኖሮ ምናልባት ለብዙ ዓመት ያለ አልጋና ያለ መደርደሪያ በኖሩ ነበር። ሁለተኛ፥ ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ነገር ይወዳል። በ2012 ሦስት ሊቃውንት በአሜሪካ አገር ባወጡት ጥናት፥ ሰዎች ራሳቸው የገጣጠሙትን ዕቃ ሌላ ሰው ከገጣጠመው ይልቅ አብልጠው እንደሚገምቱት በፈተና አሳይተዋል፤ ይህንንም ጠባይ በዚሁ ድርጅት ስም ሰይመውታል። ነገር ግን ፍቅሩ የሚመጣው ሥራው ከፍጻሜ ሲደርስ መሆኑን ጥናቱ ጨምሮ ይናገራል፤ ጀምሮ ያልጨረሰው ሰው ያን ደስታ አያገኝም።

በዚህም ላይ ጕድለት የለበትም አንልም። ሽማግሌው፥ በሽተኛው፥ እጁ ወይም ዐይኑ የደከመው ሰው ለአንድ ወጣት ቀላል የሆነውን ሥራ ሊሠራው አይችልም፤ ስለዚህ ለሌላው የረከሰው ዕቃ ለእርሱ አይረክስም። ደግሞም አናጢ የሠራው የጠንካራ እንጨት ጠረጴዛ እግሩ ቢነቃነቅ አናጢው ይመልሰዋል፤ ውስጡ ወረቀት የሆነ ሳንቃ ወይም ቺፑድ ግን የብሎኑ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ብሎኑን መልሶ አጥብቆ አይዝም። ለጥገና የማይመች ዕቃ ቶሎ ይጣላል፤ የተጣለውን የሚሸከመው ደግሞ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ነው። ድርጅቱም ይህ ነቀፋ ስለ ደረሰበት፥ በ2020 በብዙ አገሮች ያገለገለ ዕቃውን ከገዢዎች መልሶ እየገዛ መሸጥ ጀምሯል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከቈጠርን በኋላም፥ በሁለተኛው ምንጭ ውስጥ ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው በአብዛኛው ራሱ ገዢው ነው፤ ዐውቆም ስለ ከፈለ ተበደልሁ ሊል አይችልም።

ሦስተኛው ምንጭ ግን ከሁለቱ የተለየ ነው። በዚህኛው ዋጋውን የሚከፍለው ያላወቀ፥ ወይም ዐውቆ እንቢ ለማለት የማይችል ሰው ነው። ኢኬያ ርካሽ ሠሪ ፍለጋ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች በሄደ ጊዜ፥ ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የምትባለው አገር ነበረች። በ2012 ድርጅቱ በውጭ መርማሪዎች ያስጠናው ጽሑፍ ሲወጣ፥ በዚያች አገር የፖለቲካ እስረኞች ለድርጅቱ በሚሆን ዕቃ ሥራ ላይ ተገደው ውለው እንደ ነበረ፥ ከድርጅቱም ኀላፊዎች አንዳንዶቹ ይህ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ እንደ ነበረ፥ ነገሩንም ለማስቀረት በቂ ጥረት እንዳላደረጉ ታወቀ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2024 ደግሞ የጀርመን ቅርንጫፉ ለቀድሞው አገዛዝ ተበዳዮች መርጃ 6 ሚሊዮን ኤውሮ ለመስጠት ቃል ገባ። ያን ዕቃ በዚያን ጊዜ የገዛው ሰው በደል አልፈለገም፤ ርካሽ ወንበር ፈለገ እንጂ። ሒሳቡ ግን በዚያው ቀን ተከፍሏል፤ የከፈለውም እስረኛው ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው፥ የሌላው ሰው ቁስል ስለማይሰማን፥ በእርሱ ላይ የዋለውን እንጨት በገበያ ላይ እንደ መልካም ዕድል ቈጠርነው።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳስብ፥ ለጥያቄያችን ዋነኛ ቍልፍ የሆነ ሌላ ነገር አለ። ባለ መሳቢያ የሆነው የልብስ ማስቀመጫ ቀላልና ረዥም ሆኖ ሲሠራ ርካሽ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሕፃን መሳቢያዎቹን ስቦ ሲወጣባቸው ሚዛኑ ጠፍቶ ወደ ፊት ይወድቃል። ድርጅቱም ይህን ስለሚያውቅ፥ ዕቃውን ከግድግዳ ጋራ የሚያያዝበትን መሣሪያ በካርቶኑ ውስጥ ይጨምር፥ በመመሪያውም ላይ ያዝዝ ነበር። ብዙ ሰው ግን ወይ ግድግዳውን መብሳት ስላልተፈቀደለት፥ ወይ መሣሪያው ስለ ጠፋበት፥ ወይ ነገሩ ከባድ መሆኑን ስላልተረዳ ሳያያይዘው ይቀራል። በ2016 በአሜሪካ 29 ሚሊዮን የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ማስቀመጫዎች ከገበያና ከየቤቱ እንዲሰበሰቡ ሲታወጅ፥ የስድስት ሕፃናት ሞት ከእነዚህ ዕቃዎች መውደቅ ጋራ ተያይዞ ተነግሯል። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ለሦስት ቤተ ሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር፥ በ2020 ደግሞ ለአንድ ቤተ ሰብ 46 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2022 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለው ዕቃ ራሱን ችሎ ሳይወድቅ እንዲቆም የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

በዚህ ታሪክ ሁለተኛው ምንጭ ወደ ሦስተኛው እንዴት እንደሚሻገር በግልጽ ይታያል። ብሎን ማጥበቅ ለገዢው ቢተው ገዢው ቢሳሳት የሚነቃነቅ መደርደሪያ ያገኛል፤ ጕዳቱ በራሱ ላይ ይቀራል። የሕፃንን ሕይወት መጠበቅ ለገዢው ጕልበት ሲተው ግን፥ ገዢው ቢዘነጋ የሚከፍለው ያልገዛው፥ ያላነበበው፥ ያልተስማማው ሕፃን ነው። በውሉ ላይ የተነጋገሩት ሻጭና ገዢ ሲሆኑ፥ አደጋውን የተሸከመው ሦስተኛ ሰው ሆነ። እንግዲህ ርካሽነትን በደል የሚያደርገው የዋጋው ማነስ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን፤ ከፋዩ ሳያውቅና ሳይወድ መክፈሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ስለ ርካሽ ዋጋ ኀጢአት የሚሰብኩት ውድ ዋጋ ለመክፈል የሚችሉ ሰዎች ናቸው፤ ድኻው ግን ርካሹን ካላገኘ በመሬት ይቀመጣል» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት፤ ስለዚህም በንቀት ልናልፈው አይገባንም። ካምፕራድ በ1976 ለሠራተኞቹ በጻፈው መመሪያ፥ ዓላማው ለብዙው ሕዝብ የተሻለ የዕለት ኑሮ መፍጠር መሆኑን ገልጿል፤ ይህም ዓላማ በብዙ አገር በእውነት እንደ ተፈጸመ የሚክድ የለም። ቀድሞ መልካም ንድፍ ያለው የቤት ዕቃ የባለጠጎች ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን መምህሩም፥ ተማሪውም፥ የቀን ሠራተኛውም ይገዛዋል። ርካሽነትን ሁሉ በጅምላ የሚነቅፍ ሰው ይህን በጎ ነገር ከድኻው እጅ ይነጥቃል።

ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። በሦስተኛው ምንጭ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ብንመረምር፥ ብዙውን ጊዜ ራሱ ድኻው ሆኖ እናገኘዋለን፤ እስረኛው፥ ደመወዙ ያነሰ የሩቅ አገር ሠራተኛ፥ ደኑ የተመነጠረበት ገበሬ ነው። የአንዱን ድኻ ወንበር በሌላው ድኻ ጀርባ ማርከስ ለድኻ መርዳት አይባልም። ደግሞም ውድ ዋጋ የንጽሕና ምስክር የሆነ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በውድ የተሸጠ ዕቃ በጭቈና የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የነጋዴው ትርፍ በልቶት ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው ብቻውን፥ ቢወደድም ቢረክስም፥ ስለ ፍትሕ አይመሰክርም። መጠየቅ ያለበት ዋጋው እንዴት እንደ ተገነባ ነው።

ይህ ነገር የስዊድንና የአሜሪካ ጕዳይ ነው፥ ከእኛ የራቀ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ብልኀቱ ወደ አገራችን የገባበትን አንድ ጊዜ እናስታውሰዋለን። በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ዙሪያ፥ ከ2009 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት፥ ከሶማሊያ በጦርነትና በራብ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች የሰፈሩባቸው አምስት የስደተኞች ሰፈሮች ተቋቋሙ። የኢኬያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ2012 ጀምሮ በእነዚህ ሰፈሮች ለመስኖ፥ ለትምህርትና ለንግድ ሥራ ወደ 100 ሚሊዮን ኤውሮ የሚደርስ ገንዘብ አዋለ። በእርሱም ድጋፍ፥ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ድርጅት አማካይነት፥ እንደ ቤት ዕቃ ተፈታቶ በካርቶን የሚታሸግ መጠለያ ቤት ተነደፈ። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በ2013 ገደማ ከተፈተኑባቸው ስፍራዎች አንዱ ዶሎ አዶ ነበር። ቤቱ የብረት አጥንትና የላስቲክ ሰሌዳ ያለው፥ 17 ካሬ ሜትር ተኩል የሚሰፋ፥ አራት ሰዎች በጥቂት ሰዓታት የሚያቆሙት፥ የሚቈለፍ በርና በፀሐይ ኀይል የሚበራ መብራት ያለው ነው። ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቈይ ታስቦ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ከሚቀድደው ድንኳን እንደሚሻል አያጠራጥርም።

ሦስቱን ምንጮች በዚህ ቤት ላይ ብንመዝናቸው፥ ርካሽነቱ በአብዛኛው የመጣው ከፊተኛው፥ ከባዶ አየር ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚጓዝ በአንድ መኪና ብዙ ቤት ይጫናል። ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ወንበር የሚገዛ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ራሱ ሲመርጥ፥ ስደተኛው የሚኖርበትን ቤት አልመረጠም፤ ሌሎች መረጡለት። በ2015 የስዊስ ከተማ የሆነችው ዙሪክ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ለስደተኞች ለመጠቀም አስባ ባስፈተነቻቸው ጊዜ፥ መርማሪዎቿ በቀላሉ የሚቃጠሉ ናቸው ስላሉ አሳቧን ተወች፤ ሠሪዎቹም ኋላ ንድፉን አሻሻሉ። ዙሪክ የእሳት መርማሪ ነበራት፤ በምድረ በዳ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን የራሱ መርማሪ የለውም። ሦስት ዓመት ተብሎ የታሰበውም ጊዜ፥ እነዚያ ሰፈሮች ከዐሥር ዓመት በላይ ከቈዩበት ዘመን ጋራ ሲነጻጸር አጭር ነው። እንግዲህ መራጩና ተጠቃሚው ሁለት ሰዎች በሆኑበት ስፍራ ሁሉ፥ መራጩ ለራሱ ከሚገዛው ይልቅ እጅግ አብልጦ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ይህ ግዴታ የሚመለከተው በሩቅ ያለውን ንድፍ አውጪ ብቻ አይደለም። በመንግሥት ገንዘብ ለመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የሚገዛ ሹም፥ ለትምህርት ቤቱ ወንበር የሚያስገባ የትምህርት ቤት ኀላፊ፥ የሚገዙት ራሳቸው ለማይቀመጡበት ሰው ነው፤ የሚከፍሉትም ከራሳቸው ኪስ አይደለም። ለእነርሱ በጣም ቀላሉ ነገር ከቀረበው ዋጋ ሁሉ ዝቅተኛውን መርጦ ፋይሉን መዝጋት ነው፤ በዚህም ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቁ፥ ሥራቸው የሕሊና ሥራ ይሆናል። ይህ ዋጋ ዝቅ ያለው ከንቱ ወጪ ስለ ተወገደ ነውን? ይህ ከሆነ በደስታ ይግዙ። ዝቅ ያለው ሥራው ወደ ተጠቃሚው ስለ ተላለፈ ነውን? ይህ ከሆነ ተጠቃሚው ሥራውን ሊሠራ የሚችል፥ የሚያውቅና የተስማማ መሆኑን ያረጋግጡ። ዝቅ ያለው በሩቅ ያለ፥ ወይም ገና ያልተወለደ፥ ወይም ለመናገር የማይችል ሰው ስለ ከፈለ ነውን? ይህ ከሆነ፥ ዕቃው በመዝገብ ላይ ርካሽ ቢመስልም ርካሽ አይደለም።

አንድ ሰው፥ «ይህን ሁሉ ለማወቅ ገዢው ዐቅም የለውም» ቢል እውነቱን ነው። አንድ ገዢ ብቻውን የምሥራቅ ጀርመንን እስር ቤት መርምሮ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ነገር ግን እስረኞቹ ራሳቸው ከተፈቱ በኋላ መመስከራቸውን፥ ጋዜጠኞችም መጠየቃቸውን ስላላቋረጡ ነገሩ ተገለጠ። ቀደም ሲል በ1990ዎቹ፥ ከእስያ በሚመጣው ምንጣፍ ሥራ ላይ ሕፃናት ይውላሉ የሚል ዘገባ በስዊድን ቴሌቪዥን በተላለፈ ጊዜም፥ ጥያቄው ስለ በረታ ድርጅቱ ወደ ማስተካከል ገባ፤ በ2000 ዕቃ ለሚያቀርቡለት ፋብሪካዎች ሁሉ ስለ ሠራተኞች አያያዝና ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ሕጉም፥ ደንቡም፥ ካሣውም የተገኘው ከጥያቄ በኋላ ነው። ማንም ባይጠይቅ ኖሮ ከሦስቱ አንዱም አይገኝም ነበር።

ስለዚህ የምንደመድመው እንዲህ ነው። ዋጋን ዝቅ ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው፤ አየርን ከጭነት የሚያወጣ፥ ከንቱ ድካምን የሚያስቀር፥ ለድኻው ወንበርና አልጋ የሚያደርስ ንድፍ አውጪ ከመልካም ሐኪምና ከመልካም መምህር ጋራ ቢቈጠር አይበዛበትም። ይህን ጥበብ በደል ከሚባለው ነገር የሚለየው ግን የዕቃው መልክም የዋጋው ቍጥርም አይደለም፤ የከፋዩ ማንነትና ፈቃድ ነው። እኛም ገዢዎች ዋጋው ሲረክስልን ዝም ብለን መደሰታችንን ትተን፥ ለውድ ዋጋ የምናነሣውን ያንኑ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ለርካሹም እናንሣ። መልሱ መልካም ሆኖ ከተገኘ፥ ደስታችን ያን ጊዜ እፍረት የሌለበት ደስታ ይሆናል።